መርፌውን ለምደው ኪቦርዱን የፈሩ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ፣ ነርሲንግን ጨምሮ የየዘርፉ ተመራቂዎች የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይዘው ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጡ። ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ማሽኑን መውቀስ አይቻልም፤ ያስተማሩት ተቋማት ብዙ የሚመልሱት ጥያቄ አለ። ነገር ግን ማውዝ በቅጡ ሳይጨብጥ አራት ዓመት ለጨረሰ ተማሪ፣ በዚያች ሰዓት የሚፈተነው እውቀቱ ብቻ አልነበረም።

ስጋቱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውም ከተማሪዎቹ ይበልጣል። በአሜሪካ ኮምፒዩተር ወደ ሆስፒታል መግባት ሲጀምር ነርሶቹ ሥራዬን ይነጥቀኛል፣ ከበሽተኛዬ ያርቀኛል፣ ብሳሳት በሕግ ያስጠይቀኛል ብለው ይሠጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ስትሮንጅና ብሮት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አመለካከት የሚለካ 20 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አዘጋጁ። በ1987 ደግሞ ሄንሰን፣ ግላስና ናይት የኮምፒዩተር ፍርሃትን የሚመዝን 19 ዐረፍተ ነገር ያለው መለኪያ አወጡ።

የእነዚህ መጠይቆች ድክመት ሰው ስለ ራሱ የሚለውን እንጂ የሚሠራውን አለማሳየታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ የሚውል ተማሪ «ኮምፒዩተር እችላለሁ» ብሎ ይሞላል። አሁን ያስቀመጥከውን ፋይል አምጣ ሲባል ግን የት እንደገባ አያውቅም። ስልክ መነካካት ሰንጠረዥ ከመሙላት ጋር አይገናኝም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 አሜሪካ የነርሶችን የፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስን፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር አዛወረች። እዚያ ነርስ ለመሆን የሚያጠኑ ኢትዮጵያውያንም የሚያልፉት በዚሁ በር ነው። ማሽኑ ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጠው ተፈታኙ በመለሰው ልክ ነው፤ ሲያገኙ ይከብዳል፣ ሲስቱ ይቀላል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ መቀየር የለም። ዛሬ ጥያቄው ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ነው። ማሽኑ በቂ መረጃ አገኘሁ ሲል ፈተናውን እዚያው ላይ ይዘጋዋል። 85ኛው ላይ የተዘጋበት ሰው አልፎ ይሁን ወድቆ ሳያውቅ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። ይህ የፈተና ፍርሃት እንጂ የኮምፒዩተር ፍርሃት አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ልምምድ የሌለው ተማሪ ላይ ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይወርዱበታል፤ ጥያቄውን ማሰብ የነበረበት ጭንቅላቱ የትኛውን ልጫን በሚል ሐሳብ ይያዛል።

ከፈተናው ይልቅ የሚያሳስበው ዋርዱ ነው። አንዲት ተረኛ ነርስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንቲባዮቲክ ሰጠች እንበል። ቻርቱ ላይ በእስክሪብቶ ስትጽፍ ማንም አይሳሳትም። ሰዓትን በ24 የሚቆጥር ሲስተም ላይ ግን 08:00 ብላ ማስገባት አለባት። በለመደችው 02:00 ብላ ከመታች፣ መድኃኒቱ ሌሊት 8 ሰዓት እንደተሰጠ ይመዘገባል፤ በየ12 ሰዓቱ መሰጠት ያለበት ከሆነ ቀጣዩ መጠን ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። የልደት ዘመንና የአያት ስም ላይም እንዲሁ ነው። ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር መቀበሉ አንዱን ራስ ምታት አቅልሏል። የሰዓቱ ነገር ግን በጣት ልምምድ ብቻ የሚገባ ነው።

ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፣ «ሲስተም የለም» ይባላል። በዚህ ምክንያት በብዙ ቦታ ነርሶች አንዱን መረጃ መጀመሪያ ወረቀት ላይ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋሉ። ሥራን ሁለት እጥፍ ያደረገ ማሽን ቢጠላ ፍርሃት ብሎ መፈረጅ ተገቢ አይመስልም።

ዩኒቨርሲቲዎች ዝም አላሉም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» የሚባል የጋራ ኮርስ ይወስዳሉ። ሞጁሉ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ ይተርካል፤ ይህን ሁሉ ከወረቀት አንብቦ ኤ ማምጣት ይቻላል። ለነርስ ተማሪ የሚበጀው ከዚህ ዝቅ ያለ ነገር ነው፦ የካርድ ቁጥር አስገብቶ ትክክለኛውን በሽተኛ ማግኘት፣ የተሳሳተውን ማረም፣ ሲጨርሱ መውጣት፣ ፓስወርድን ለጓደኛ አለመስጠት።

የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች መርፌን የሚያስተምሩበት መንገድ አላቸው። ተማሪው ሰው ከመንካቱ በፊት በስኪል ላብ አሻንጉሊት ላይ እጁን ያፍታታል፤ ቢሳሳት የሚጎዳ የለም። ከዚያው አሻንጉሊት አጠገብ የልምምድ መዝገብ የተጫነበት አንድ ኮምፒዩተር ቢቀመጥ፣ የለካውን የደም ግፊት እዚያው ቢመዘግብ፣ ለዚያም ነጥብ ቢያዝለት አዲስ ኮርስ አያስፈልግም። ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ይህን ለማድረግ የሚጠብቁት መመሪያ ሊኖር አይገባም።