መልእክቱ አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

የአየር ትንበያ የሚያሰሉ ትልልቅ ፕሮግራሞች ካርታውን ቆራርጠው ለብዙ ፕሮሰሶች ያከፋፍላሉ። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ያሰላል። ዳርቻው ላይ ሲደርስ ግን የጎረቤቱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በየዙሩ ይለዋወጣሉ። መልእክቱ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ደግሞ ያን ሁሉ ውድ ማሽን ሥራ ማስፈታት ነው።

የልውውጡ ደንብ ኤምፒአይ ይባላል፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ አይሴንድ እና አይሬሲቭ የሚባሉ ትእዛዞች አሉ። መላኩም ሆነ መቀበሉ እስኪያልቅ አይጠብቁም፤ እንደ ደረሰኝ ያለ ሪኩዌስት ሰጥተዋችሁ ወዲያው ይመለሳሉ። እናንተ የቁራጫችሁን መሃል እያሰላችሁ የዳርቻው ቁጥር መንገድ ላይ ነው።

ማለቁን ለማወቅ ያንን ሪኩዌስት ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። ዌይት የሚባለው ትእዛዝ እስኪያልቅ ድረስ ያቆማችኋል። ቴስት ግን «አልቋል» ወይም «ገና» ብሎ ወዲያው ይለቃችኋል። ካለቀ ሪኩዌስቱን ባዶ ያደርገዋል፤ ባዶውን ደግማችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አልቋል» ነው! ያለቁትን በቆጣሪ የሚቆጥር ሰው ይህን ካልተጠነቀቀ አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

አሁን ብዙዎችን የሚያሳስተው ነገር መጣ። አይሴንድ አለቀ ማለት ተቀባዩ አገኘው ማለት አይደለም። የላካችሁበትን የሜሞሪ ቦታ አሁን ልትጽፉበት ትችላላችሁ ማለት ብቻ ነው። መልእክቱ ትንሽ ከሆነ ኤምፒአይን የሚያስፈጽመው ላይብረሪ ለራሱ ገልብጦ ሊያስቀምጠውና ተቀባዩ ገና ሳይነቃ «አልቋል» ሊላችሁ ይችላል። ተቀባዩ መቀበል መጀመሩን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አይኤስሴንድ አለላችሁ (ስሙ እንደማያምር እኔም አምናለሁ)። ማለቁን ሳትጠይቁ የላካችሁበት ቦታ ላይ ብትጽፉስ? በትንሽ መረጃ ስትሞክሩት ምንም ላይሆን ይችላል፤ መረጃው ሲገዝፍ ግን ውጤቱ በዝምታ ይበላሻል። እንዲህ ያለ ስህተት ማደን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

እኔን እስከዛሬ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው፦ ቴስት ጠያቂ ብቻ ሳይሆን ገፊም ነው። ብዙ ላይብረሪዎች መልእክቱን የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሙ ወደ እነሱ ብቅ ሲል ነው። ትልቅ መልእክት ከመጓዙ በፊት ላኪና ተቀባይ «ዝግጁ ነህ?» «ነኝ» መባባል አለባቸው። እናንተ ረጅም ስሌት ውስጥ ሰጥማችሁ ላይብረሪውን ካልጎበኛችሁት ይህ ንግግር ሳይደረግ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ዌይት ስትሉ መልእክቱ ገና ከቦታው አልተነሳም። ስለዚህ በስሌቱ መሃል አልፎ አልፎ ቴስት ጣል ማድረግ ይጠቅማል። በየመስመሩ ካደረጋችሁት ግን መጠየቁ ራሱ ጊዜ ይበላል፤ ልኩ የሚገኘው በየማሽኑ በመለካት ነው።

አራት ጎረቤት ላለው ቁራጭ አራቱንም በአንዴ የሚጠብቀው ዌይትኦል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ዌይትኤኒ ደግሞ አንዱ እንዳለቀ የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል፤ የሰሜኑ ዳርቻ ቀድሞ ከደረሰ ደቡቡን ሳትጠብቁ እሱን ማስላት ትጀምራላችሁ።