ከሾርት ክሪክ የወጡት ሴቶች ምን ይላሉ?

በአሜሪካ፣ በዩታና በአሪዞና ግዛቶች ድንበር ላይ፣ ከቀይ ገደል ሥር ሂልዴልና ኮሎራዶ ሲቲ የሚባሉ ሁለት ተጎራባች ከተሞች አሉ። የአገሩ ሰው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ሾርት ክሪክ ይላቸዋል። ኤፍኤልዲኤስ የተባለው የሃይማኖት ቡድን ለብዙ አሥርት ዓመታት መቀመጫው እዚህ ነበር። በዚህ ቡድን አንድ ወንድ ብዙ ሚስቶች ያገባል፤ ማን ለማን እንደሚዳርም የሚወስነው ነቢይ የሚሉት መሪ ነው። ከዚያ ወጥተው በአደባባይ የተናገሩ ሴቶች ጉዳዩን ከወሬ አውጥተው ችሎት ፊት አቁመውታል። ያም ሆኖ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሩቅ ነው። የሞርሞንን ቤተ ክርስቲያን በ1830 የመሠረተው ጆሴፍ ስሚዝ ከአንድ በላይ ማግባትን የሚያዝ ራእይ ወረደልኝ ብሎ በ1843 በጽሑፍ አሰፈረ፤ ተከታዮቹም በ1852 ዩታ ላይ በይፋ አወጁት። የአሜሪካ መንግሥት በ1862 በሕግ ከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1879 መንግሥት እምነትን ባይነካም በእምነት ስም የሚፈጸም ድርጊትን ሊከለክል ይችላል ሲል ወሰነ። ቤተ ክርስቲያኗ በ1890 ልማዱን መተዋን አስታወቀች። ዛሬ እንዲህ የሚያገባ አባል ቢገኝባት ታባርረዋለች፤ ስለዚህ ሞርሞንን ሁሉ ከሾርት ክሪክ ጋር መደመር ትልቅ በደል ነው። ሾርት ክሪክን የሞሉት የ1890ውን ውሳኔ አንቀበልም ያሉት ናቸው።

ወጥቶ መናገርም አዲስ ነገር አይደለም። አን ኤላይዛ ያንግ የቤተ ክርስቲያኗን መሪ ብሪገም ያንግን በ1873 ፍቺ ጠይቃ ከሰሰችው፤ ከዚያም ከከተማ ከተማ እየዞረች በየአዳራሹ ታሪኳን ተናገረች። ሕዝቡ ሰማት። የአገሪቱ ምክር ቤትም ሕጉን እያጠበቀ ሄደ። ሆኖም በ1887 ልማዱን ለማጥፋት የወጣው ሕግ የዩታ ሴቶች ከ1870 ጀምሮ የነበራቸውን የመምረጥ መብት ነጠቀ፤ ጣውንት ያላትንም የሌላትንም ሳይለይ። ሴቶችን ነጻ አወጣለሁ ያለ ሕግ ድምፃቸውን መቀማቱ እስካሁን ያስቆጫል። የሴቶቹን ምስክርነት ሌላ ሰው ለራሱ ዓላማ ሲጠቀምበት ያኔ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነ።

በሐምሌ 1953 የአሪዞናው ገዥ ሃዋርድ ፓይል ፖሊስ አሰማርቶ ሾርት ክሪክን ከበበ። 263 ሕፃናት ከቤታቸው ተወሰዱ። ልጆቹ ሲያለቅሱ የሚያሳዩት ፎቶዎች በጋዜጣ ሲወጡ ሕዝቡ ፊቱን በገዥው ላይ አዞረ፤ ፓይል በተከታዩ ዓመት ምርጫ ተሸነፈ፣ ቤተሰቦቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ባለሥልጣናቱ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት አለመንካት ይሻላል የሚል ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያደጉት ልጃገረዶች ናቸው ኋላ ምስክር የሆኑት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው፣ ለምን ቀድማችሁ አልወጣችሁም? እያለ ነው። መልሱ መሬቱ ላይ ነው። ቤቱ የተሠራበት ምድር ከ1942 ጀምሮ የቡድኑ የጋራ ንብረት ነበር፤ ባል በጉልበቱ ቤት ይሠራል እንጂ ካርታው በስሙ አልነበረም። ነቢዩ ባልየውን ሲያባርር ቤቱ ይቀር፣ ሚስቱና ልጆቹም ለሌላ ወንድ ይሰጡ ነበር። በ2002 አባቱ ሲሞት መሪነቱን የያዘው ዋረን ጄፍስ ይህን ደጋግሞ አድርጎታል። የከተማው ፖሊስም የዚያው እምነት ተከታይ ነበር። በዚህ ላይ የወጣ ሰው ከሃዲ ነው፣ ነፍሱ ጠፍታለች እየተባለ ከሕፃንነት ጀምሮ ይነገር ነበር።

ካሮሊን ጄሶፕ በ18 ዓመቷ የ50 ዓመት ሰው አራተኛ ሚስት ተደርጋ ተዳረች። በሚያዝያ 2003 ስምንት ልጆቿን ይዛ በሌሊት ስትወጣ ያላት ገንዘብ 20 ዶላር ነበር። ከልጆቿ አንዱ ጽኑ ሕመምተኛ ነበር። ከዚህ ቡድን ወጥታ፣ ባሏን በፍርድ ቤት ተከራክራ ሙሉ የልጅ አሳዳጊነት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት ይባላል።

ኤሊሳ ዎል ደግሞ በ14 ዓመቷ፣ በ2001፣ ኔቫዳ ውስጥ በአንድ ሞቴል ለ19 ዓመት የቅርብ ዘመዷ ተዳረች። እሺ በይ ስትባል አንገቷን ደፍታ እንዳለቀሰች በ2007 ዳኞች ፊት ተናገረች። ያጋባቸው ጄፍስ ተፈረደበት፤ ፍርዱ ግን በ2010 ለዳኞቹ በተሰጠው መመሪያ ስሕተት ምክንያት ተሻረ። ርብቃ ሙሰር፣ የ85 ዓመት ሽማግሌ ለነበረው ለጄፍስ አባት በ19 ዓመቷ የተዳረችው፣ ቴክሳስ ችሎት የቀረበችው ጄፍስ የከለከለውን ቀይ ልብስ ለብሳ ነው። በ2011 ጄፍስ በሕፃናት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከእነዚህ ችሎቶች በፊት ነገሩ የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ ሴቶቹ የዕድሜና የማስገደድ ጉዳይ አደረጉት።

መንግሥት ግን ቶሎ አይማርም። በ2008 የቴክሳስ ባለሥልጣናት በሐሰት የስልክ ጥቆማ ተነሥተው ቡድኑ እዚያ የነበረውን ግቢ ፈተሹና ከ400 በላይ ልጆችን ከእናቶቻቸው ለዩ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይመለሱ አለ። ጄፍስን ያስፈረደው ሰነድ በዚያው ፍተሻ መገኘቱ እውነት ነው። የእናቶቹ ልቅሶም እውነት ነው።

በ2020 ዩታ በአዋቂዎች ፈቃድ የሚደረገውን ከአንድ በላይ ጋብቻ ከከባድ ወንጀል ወደ ቀላል ጥፋት አወረደችው፤ በማስገደድና በማታለል የሚደረገውን ግን ከባድ ወንጀል አድርጋ አቆየችው። የወጡት ሴቶች እዚህ ላይ ተከፋፈሉ። ከፊሎቹ እስር የምትፈራ እናት ፖሊስ ጋ አትሄድም አሉ፤ ከፊሎቹ ለበዳዮች ፈቃድ መስጠት ነው አሉ። በምርጫችን ገብተናል፣ እነሱ ስለ እኛ አይናገሩ የሚሉ ሴቶችም አሉ፤ አዋቂ እስከሆኑ ድረስ ሊደመጡ ይገባል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ፤ የዝምታና የከበባው ታሪክ ያሳየው ፍርሃት በሩን ከውስጥ እንደሚቆልፍ ነው። ይሁንና ሕግ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ሾርት ክሪክ ዛሬ ተለውጧል። የጋራ መሬቱ በ2005 በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ውሎ ቤቶቹ ቡድኑን ለተዉ ሰዎችም መሰጠት ጀምረዋል። በ2017 ሂልዴል ከቡድኑ የወጣችውን ዶኒያ ጄሶፕን ከንቲባ አድርጋ መረጠች። ግን እዚያው ነቢይ ነኝ ያለው ሳሙኤል ቤትማን ከ20 በላይ ሚስቶች ሰበሰበ፤ አሥሩ ከ18 ዓመት በታች ነበሩ። በታኅሣሥ 2024 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እነዚህን ሴቶች የምታነቡ፣ በፊልም የምታዩ ሁሉ፣ ሰውየው ስንት ሚስት ነበረው በሚለው አትቁሙ። ስትዳር ዕድሜዋ ስንት ነበር? ቤቱ በማን ስም ነው? ስትወጣ ልጆቿ ከማን ጋር ቀሩ? ይህን ጠይቁ።