ባለአንድ ሲሊንደሩ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ምን ያህል ይፈጥናል?

የአንድ ሞተር ብስክሌት ከፍተኛ ፍጥነት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ሦስት መልሶች አሉት፤ እነርሱም ሞተሩ ሊደርስበት የሚችለው፣ ሳይጎዳ ሊዘልቅበት የሚችለውና ነጂው በደኅና ሊያቆመው የሚችለው ፍጥነት ናቸው። ተሽከርካሪው ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ከሆነ ደግሞ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የሞንሌሪው ፈተና

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረው ቬሎሴት ቬነም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ባለ499 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ያለው ሲሊንደር አንድ ብቻ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው ዓይነት 36 የፈረስ ጉልበት ወይም 27 ኪሎዋት ያህል ነበረው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1961 ለሙከራ በጥንቃቄ የተሰናዳ አንድ ቬነም ከፓሪስ በስተደቡብ በሚገኘው የሞንሌሪ የውድድር ሜዳ ላይ በተፈራራቂ ነጂዎች ቀንና ሌሊት ተነዳ። ነዳጅ ለመቅዳትና ነጂ ለመለወጥ የቆመበት ጊዜ ጭምር ተቆጥሮ፣ የ24 ሰዓቱ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ሆነ። የተጓዘውም ርቀት ወደ 3,860 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በፊት ምንም ያህል ትልቅ ሞተር ያለው ሞተር ብስክሌት በሰዓት 100 ማይል አማካይ ፍጥነት ለ24 ሰዓት ዘልቆ አያውቅም ነበር።

አየር የሚያስከፍለው ዋጋ

ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ እንዳይፈጥን የሚያግደው ምንድን ነው? ዋናው መልስ አየር ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ይጨምራል፤ ያንን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር አቅም ግን በፍጥነቱ ኩብ መጠን ያድጋል። ስለሆነም ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ አቅም ያስፈልጋል። የሞተሩ አቅም እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ የሚጨምረው 26 በመቶ ብቻ ነው።

በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ፣ ነጂው በነዳጅ ሰልባትዮው ላይ ተደፍቶ እንኳን፣ የአየሩን ተቃውሞ ለማሸነፍ ብቻ 21 ኪሎዋት ያህል ይጠፋል። በጎማዎቹ፣ በሰንሰለቱና በማርሹ የሚባክነው ሲታከልበት የሞተሩ አቅም ያልቃል። ነጂው ቀና ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ አየሩን የሚገፋው ገላ ስለሚሰፋ ፍጥነቱ ወደ 140 ይወርዳል። 18 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ350 ሲሲ ሞተር ብስክሌት፣ ነጂው ቀና ብሎ እንደተቀመጠ፣ በዚሁ ስሌት ከ110 ብዙም አያልፍም።

የፒስተኑ ሥቃይ

የቬነም ፒስተን በእያንዳንዱ ምት 86 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ሞተሩ በደቂቃ 6,200 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በሴኮንድ ከ200 ጊዜ በላይ ቆሞ አቅጣጫውን ይለውጣል። በዚያች ቅጽበት የሚደርስበት መፋጠን ከመሬት ስበት 2,000 እጥፍ ይበልጣል። ፒስተኑ ግማሽ ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ቢኤላውን የሚጎትተው ኃይል ከአንድ ቶን ክብደት በላይ ነው ማለት ነው። በአራት ሲሊንደር ሞተር ይህ ሸክም ለትናንሽ ፒስተኖች ይከፋፈላል፤ በባለአንድ ሲሊንደሩ ግን ሁሉም በአንድ ቢኤላ ላይ ያርፋል።

መልካሙ ዜና ይህ ኃይል በዙሩ ስኩዌር መጠን የሚቀንስ መሆኑ ነው። በዚያው ማርሽ ከከፍተኛው ፍጥነት በሦስት አራተኛው የሚጓዝ ነጂ የቢኤላውን ሸክም ወደ 56 በመቶ፣ አየሩን ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን አቅም ደግሞ ወደ 42 በመቶ ያወርዳል። ስለዚህ ለረጅም መንገድ ለጤናማ ቬነም ከ110 እስከ 120፣ ለባለ350ው ደግሞ 80 ያህል ተገቢ ፍጥነት ነው።

እርጅና የሚደብቀው አደጋ

እዚህ ላይ አንድ አታላይ ነገር አለ። አሮጌ ሞተር 20 በመቶ አቅሙን ቢያጣ፣ በኩቡ ሕግ መሠረት ከፍተኛ ፍጥነቱ የሚቀንሰው 7 በመቶ ብቻ ነው፤ 160 የነበረው ወደ 149 ይወርዳል። ነጂውም «ገና ወጣት ነው» ብሎ ሊታለል ይችላል። የቢኤላው ብረት መድከም፣ የጎማው መድረቅና የፍሬን ሸራው ማለቅ ግን በፍጥነት መለኪያው ላይ አይነበቡም።

ፍሬኑ የሚያጠፋው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ያድጋል። በሴኮንድ 6 ሜትር በሴኮንድ እየቀነሰ የሚቆም ሞተር ብስክሌት፣ ነጂው ፍሬን ለመያዝ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ ከ80 ፍጥነት ለመቆም 63 ሜትር ይበቃዋል፤ ከ160 ግን ከ200 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። በዚያ ዘመን የነበረው ፍሬን በታምቡር ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል።

እንግዲህ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት እውነተኛ ፍጥነት ከሦስቱ መልሶች ትንሹ ነው። የሞንሌሪው ክብ መንገድ ለውድድር የተዘጋ ነበር፤ የሕዝብ መንገድ ግን ሕፃናትም እንስሳትም የሚያቋርጡት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞተር ብስክሌት ያገኘ ወጣት «ስንት ይሄዳል?» ከማለቱ በፊት «በስንት ሜትር ይቆማል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ፊዚክሱን በትክክል ተረድቶታል ማለት ይቻላል።