የጋራ ዲስክ፣ የግል ድርሻ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ቤት ተከራይቶ የተማረ ሁሉ የጋራ ሮቶን ነገር ያውቃል። ስድስት ተከራዮች ከሚቀዱበት ሮቶ አንዱ ማታ ልብሱን ሲያጥብ ውኃውን ከጨረሰው፣ ጠዋት ለፈተና የሚወጣው ጎረቤቱ ፊቱን የሚታጠብበት ያጣል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የጎደለው ልክ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድነት የሚሠሩበት የኮምፒውተር ዲስክም ከዚህ አይለይም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቱን ሲከታተል በዚሁ ጥፋት ተገኝቷል። የአንድ ሚሊዮን ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፎ ዓርብ ማታ አስነሥቶት ወደ ቤቱ ሄደ። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ቅንጣት ሦስት የቦታና ሦስት የፍጥነት ቁጥሮች ይመዘገባሉ፤ አንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ 48 ባይት ነው። ለአንድ ሚሊዮን ቅንጣት 48 ሜጋባይት፣ ለአንድ ሺህ እርምጃ ደግሞ 48 ጊጋባይት ይሆናል። በጋራው ዲስክ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ግን ከዚህ ያነሰ ነበር። ሌሊቱን የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያርም ያደረ አንድ ባልደረባ ጠዋት ሥራውን ለማስቀመጥ ሲሞክር ፋይሉ 0 ባይት ሆኖ ቀረ።

ለመሆኑ ፋይሉ እንዴት ባዶ ሊሆን ቻለ? አንዳንድ ፕሮግራሞች ሥራን ሲያስቀምጡ በመጀመሪያ አሮጌውን ይዘት ይደመስሳሉ፣ ቀጥለው አዲሱን ይጽፋሉ። በሁለቱ መካከል ዲስኩ ከሞላ አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱም አልተጻፈም። በዚህ ምክንያት የዲስክ መሙላት የቦታ ችግር ብቻ ሳይሆን የሰውን ድካም የሚያጠፋ አደጋ ነው።

ኮታ ምንድን ነው?

ለችግሩ የተገኘው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የድርሻ ወሰን ማበጀት ሲሆን፣ ይህም የዲስክ ኮታ ይባላል። በዩኒክስ ሥርዓት የታወቀውን የኮታ አሠራር የጻፈው የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ኤልዝ ነው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሌይ በወጣው የዩኒክስ እትም ውስጥ ተካቷል። ዛሬ በሊኑክስ የምናገኘው ኮታም ይህንኑ አሠራር የተከተለ ነው። ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ 2000 ተመሳሳይ አገልግሎት አቅርቧል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ዲስክ ብሎክ በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተከፈለ ነው። አንድ ፕሮግራም አዲስ ብሎክ በጠየቀ ቁጥር ሥርዓቱ በሠንጠረዥ የያዘውን የተጠቃሚውን ሒሳብ ይመለከታል። ወሰኖቹም ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ወሰን ነው፤ ተጠቃሚው ሊያልፈው ይችላል፣ ሆኖም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእፎይታ ጊዜ ይቆጠርበታል። በሊኑክስ ይህ ጊዜ ካልተለወጠ በቀር 7 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፋይሎቹን ካልቀነሰ አዲስ ነገር መጻፍ ይከለከላል። ሁለተኛው የመጨረሻው ወሰን ሲሆን፣ እርሱን ለአንዲት ደቂቃም ማለፍ አይቻልም።

ከመጠን ሌላ የፋይሎች ብዛትም ይወሰናል። ብሎኩ 4096 ባይት በሆነበት ዲስክ ላይ 10 ባይት የያዘ ፋይል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ብሎክ ይወስዳል። ስለዚህ ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይሎችን የሚፈጥር ሰው ከአንድ ትልቅ ፊልም ይልቅ ዲስኩን ሊያስጨንቅ ይችላል።

ድርሻው ስንት ይሁን?

በአንድ ክፍል 1000 ጊጋባይት ዲስክና 200 ተማሪዎች አሉ እንበል። 5 በመቶው፣ ማለትም 50 ጊጋባይት፣ ለአስተዳዳሪው ይጠበቅ፤ ዲስኩ ቢሞላ ገብቶ የሚያስተካክልበት ነውና። የቀረው 950 ሲካፈል ለአንድ ተማሪ 4.75 ጊጋባይት ይደርሳል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ተማሪ ድርሻውን አይጨርስም፤ ቦታው ባዶውን ሲያድር ለምርምር የቸገረው ተማሪ ይቸገራል። አስተዳዳሪው ለእያንዳንዱ 8 ጊጋባይት ቢፈቅድ የገባው ቃል 1600 ጊጋባይት ይሆናል፤ ዲስኩ ግን ይህን አይችልም። ባንክም ገንዘብ አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይመጡ ተማምኖ ያበድራል። አማካዩ ከ4.75 በታች እስከሆነ ድረስ አሠራሩ ያስኬዳል። የመመረቂያ ሥራ ማስረከቢያ ሳምንት ግን ሁሉም በአንድ ቀን የሚመጣበት ነው። ስለዚህ ከድርሻው በላይ ቃል የገባ አስተዳዳሪ ጠቅላላውን ዲስክ በየቀኑ መመልከት ግዴታው ነው።

ተማሪው ማወቅ ያለበት

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ ግቢዎች አሉት፤ ከሾኔ፣ ከሺንሺቾና ከአንጋጫ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የግል ላፕቶፕ ይዞ አይመጣም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የጋራው ማሽን ደብተሩም ሣጥኑም ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበል። አንደኛ፣ ሒሳቡ በአብዛኛው የሚቆጠረው በፋይሉ ባለቤት ስም እንጂ በተቀመጠበት ፎልደር አይደለም፤ በጓደኛው ፎልደር ያኖረው ፋይል በራሱ ላይ ይታሰባል። ሁለተኛ፣ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት የተጣለ ፋይል ቅርጫቱ እስኪጸዳ ድረስ ቦታ ይይዛል። ሦስተኛ፣ ወሰኑ ላይ የደረሰ ተጠቃሚ አሮጌውን ፋይል ከመተካት ይልቅ በሌላ ስም፣ ከተቻለም በፍላሽ ላይ ያስቀምጥ። የራሱ ኮታ ሲሞላም ከላይ የተገለጸው የ0 ባይት አደጋ ሊደርስ ይችላልና።

ኮታ ሲነገር ብዙዎች እንደ ቅጣት ይቆጥሩታል። ነገር ግን ወሰኑ የተበጀው በመጀመሪያ ለጎረቤት ነው። ያ ባልደረባ በፍላሽ የያዘው ቅጂ ሁለት ሳምንት ያለፈው ነበር፤ የሁለት ሳምንት ድካሙን እንደገና ጻፈ። በዚያ ዲስክ ላይ ኮታ ቢኖር ኖሮ ዓርብ ማታ የሚቆመው የእኔ ፕሮግራም ብቻ በሆነ ነበር።