ስለ መቅኔ ነቀርሳና ስለ መድኃኒት ሙከራ

በአጥንታችን ውስጥ መቅኔ አለ። ደም የሚፈጠረው እዚያ ነው። በመቅኔ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ሴሎች ይገኛሉ። እነዚህ ሴሎች ተበላሽተው ከልክ በላይ ሲባዙ መልቲፕል ማይሎማ የሚባል ነቀርሳ ይሆናሉ። በሽተኛውን ወገቡንና ጎኑን ያመዋል። ደሙ ያንሳል። አጥንቱ በቀላሉ ይሰበራል። ኩላሊቱም ይጎዳል።

በአሜሪካ አገር ይህ በሽታ ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ በእጥፍ ያህል ይበዛል። በመድኃኒት ሙከራ የሚገቡት ጥቁሮች ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩን ቢያውቁት ይበጃል።

የመድኃኒት ሙከራ ምንድን ነው? አዲስ መድኃኒት ለሁሉም ከመፈቀዱ በፊት ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ይፈተናል። በመጀመሪያው ደረጃ ምን ያህል ቢሰጥ እንደማይጎዳ ይታያል። በሁለተኛው በሽታውን መቀነሱ ይታያል። በሦስተኛው ከተለመደው ሕክምና ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ በአርካንሳስ ሐኪሞች ለ84 የማይሎማ በሽተኞች ታሊዶማይድ ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ። ከሦስቱ አንዱን ያህል ረዳ፤ የቀሩትን አልረዳም። ሙከራ እንዲህ ነው። ተስፋ አለው፤ ዋስትና ግን የለውም።

ታዲያ የት ይገኛል? መጀመሪያ ሐኪማችሁን «በአቅራቢያችን ለእኔ የሚሆን ሙከራ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም የአሜሪካ መንግሥት ከ2000 ጀምሮ የሙከራዎችን መዝገብ በኢንተርኔት ከፍቷል። ስሙ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ነው። የበሽታውንና የከተማውን ስም የጻፈ ሰው ቅርቡን ያገኛል። ከዋሽንግተን አጠገብ፣ በቤተስዳ፣ ከ1953 ጀምሮ የሚሠራ የመንግሥት የምርምር ሆስፒታል አለ። ለሙከራ የተቀበለውን በሽተኛ የሕክምና ገንዘብ አያስከፍልም። ነገር ግን የጠየቀ ሁሉ አይገባም። የኩላሊቱ ሁኔታና ቀደም ሲል የወሰደው መድኃኒት ይታያል።

ለመግባት የስምምነት ወረቀት ይፈረማል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በአላባማ፣ ቱስኪጊ በተባለ ቦታ፣ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 400 ያህል ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች ሳይታከሙ ይጠኑ ነበር። ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። በሽታቸው ምን እንደሆነ እንኳ አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም አልተሰጣቸውም። ይህ ሲጋለጥ በ1974 በሰው ላይ የሚደረገውን ምርምር የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ።

ዛሬ ወረቀቱ በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ መቅረብ አለበት። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የራስ ልጅ ማስተርጎሙ አይበቃም፤ የሚያስደነግጠውን ነገር ሊደብቅ ይችላል እኮ! ከዚያም እነዚህን ጠይቁ፦ ጉዳቱ ምንድን ነው? ሕክምናው የሚመደብልኝ በዕጣ ነው ወይ? በወር ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ? ወጪውን ማን ይከፍላል? ሙከራውን ብተወው ሌላ ምን ሕክምና አለ?

ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ላይ ምልክት አድርጉ። ከፈረማችሁ በኋላም ቢሆን ሙከራውን መተው ትችላላችሁ። በዚህ ምክንያት የተለመደውን ሕክምና የሚከለክላችሁ የለም።