ለሚያድግ አነስተኛ ንግድ ስምና ምልክት ስለ ማውጣት

በአዲስ አበባ መርካቶ ገዢ ሱቅን የሚያገኘው በተራው፣ በጎረቤቱና በባለቤቱ ነው። «ሸማ ተራ ገባ ብሎ፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ የሐጂ ሱቅ» ይባላል እንጂ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ ቀና ብሎ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ነጋዴውም በዚህ ልማድ ለብዙ ዘመን ሲጠቀም ኖሯል፤ ፊቱ ማስታወቂያው፣ ቃሉ ዋስትናው፣ በሩም አድራሻው ሆኖለታልና። ንግዱ በአንድ በርና በአንድ ሰው እጅ እስካለ ድረስ ይህ ይበቃል።

ችግር የሚመጣው ንግዱ ከባለቤቱ ፊት ርቆ መሄድ ሲጀምር ነው። ሁለተኛ ሱቅ ሲከፈት በዚያ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ዕቃው ታሽጎ ወደ ሱፐርማርኬት ሲላክ ደግሞ አብሮት የሚቆም ከቶ የለም። አንዳንድ ጊዜም ነጋዴው ሳያስበው ቦታው ራሱ ከእጁ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተጀመረ ጊዜ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ ብዙ ንግድ ቤቶች ከቆዩበት ስፍራ ተነሥተዋል። በስሙ ይታወቅ የነበረውን ቤት ደንበኛው ጠያይቆ ሊያገኘው ይችላል፤ «ከሲኒማው ፊት ለፊት ያለችው» እየተባለች ትታወቅ የነበረችውን ሱቅ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል?

የባልትና ንግድ ነገሩን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። አንዲት ባለሙያ በርበሬውን ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ ከቅመሙ ጋር አድርቃና አስፈጭታ ለጎረቤት ትሸጣለች እንበል። ጎረቤቱ «የእትዬ በርበሬ» እያለ ይመጣል፤ ቀለሙንም ሽታውንም ለይቶ ያውቃል። ሥራው ሲሰፋ በርበሬው ጽሑፍ በሌለው ላስቲክ ታሽጎ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ከአምስትና ከስድስት መሰሎቹ ጎን ይቀመጣል። የገዛችው እመቤት ወጡ ቢጥማት እንኳ ባለቀባት ጊዜ መልሳ የምትጠይቀው ስም የላትም፤ በሚቀጥለው ጊዜ እጇ ያረፈበትን ታነሣለች። እንግዲህ ባለሙያዋ የደከመችው በርበሬን በጠቅላላው ለማስወደድ ነው እንጂ የራሷን ንግድ ለማስታወቅ አይደለም።

ስለዚህ ስም ያስፈልጋታል፤ ስሙም የራሷ ብቻ መሆን አለበት። ብዙ ጀማሪ ነጋዴ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። «ምርጥ በርበሬ» ብሎ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቃው ምን እንደ ሆነና ጥራቱን ብቻ የሚገልጽ ቃል የአንድ ሰው ሀብት ሊሆን ስለማይገባው ለንግድ ምልክትነት አይበቃም። «ሰላም»፣ «አዲስ»፣ «አቢሲኒያ» የሚሉትም መልካም ቃላት ናቸው፤ ዳሩ ግን በከተማው ውስጥ ስንት በር ላይ እንደ ተጻፉ የሚቈጥር ካለ ይድከም። የፒያሳው ቶሞካ ቡና ቤት የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ሲሆን፣ ስሙ «ቶሬፋዚዮኔ ሞዴርና ካፌ» ከሚለው የጣሊያንኛ መጠሪያ የተውጣጣ ነው። ቡናውን ቆሞ የሚጠጣው ደንበኛ አብዛኛው ይህን ትርጕም አያውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። ቃሉ ከሌላ ቤት ጋር አይምታታምና፣ ቤቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌሎች ሰፈሮች ቅርንጫፍ ሲከፍት ስሙ አብሮት ሄዷል።

ስም ከተመረጠ በኋላ ሁለት የተለያዩ ምዝገባዎች እንዳሉ ማወቅ ይገባል፤ ብዙዎች አንዱን ፈጽመው ሁለቱንም የፈጸሙ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው የንግድ ስም ነው። ይህም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቍጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መዝገብ የሚገባው የድርጅቱ መጠሪያ ነው። ሁለተኛው የንግድ ምልክት ነው። ይኸውም በከረጢቱ ላይ የሚታተመው ቃል፣ ሥዕል ወይም የሁለቱ ቅንብር ሲሆን፣ በአዋጅ ቍጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ይመዘገባል። በዚህ አዋጅ የምልክት ባለቤትነት የሚረጋገጠው በምዝገባው የምስክር ወረቀት ነው፤ «እኔ ቀድሜ ስጠቀምበት ነበር» ማለት ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። የሚመዘገበውም ለተወሰነ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ክፍል ነው፤ ክፍሎቹ 45 ናቸው። የተቈላ ቡና በ30ኛው ክፍል፣ ቡና አፍልቶ ማስተናገድ በ43ኛው ስለሚገኝ፣ ቡና ቈልቶ እያሸገ በስኒም የሚሸጥ ነጋዴ ሁለቱንም ክፍል ማሰብ ይኖርበታል።

ምልክት በአንድ አገር ቢመዘገብ በሌላው አገር አያስከብርም። ኢትዮጵያ ራሷ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉትን የቡና ስሞቿን በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ማመልከት ግድ ሆኖባት ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩ ቀጥሎ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ሽሮና በርበሬ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ያሰበም ይህን አስቀድሞ ማስታወስ ይጠቅመዋል።

ለዚህ ሁሉ ወጪና ድካም ምን ይገኛል የሚል ቢኖር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ሲተነትን በመጀመሪያ የጠቀሰው መደርደሪያውንና ሸቀጡን ሳይሆን መልካም ዝናውን ነበር። ያ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 1243/2013 ከተተካ በኋላም አሳቡ አልቀረም። መደብር ሲሸጥ ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ደንበኛው ነገም ተመልሶ ይመጣል ለሚለው ተስፋ ነው፤ ተስፋው ከሻጩ ፊት ጋር ብቻ የተያያዘ ከሆነ ግን ሻጩ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ስለ ማስታወቅ ሲታሰብ የአነስተኛ ነጋዴ አእምሮ ወዲያው ወደ ሬዲዮ ይሮጣል። ነገር ግን በየቀኑ የሚከፈልባቸው ማስታወቂያዎች አስቀድሞ በእጁ አሉ፤ ከረጢቱ፣ ደረሰኙ፣ የበሩ ሰሌዳ፣ የማድረሻው መኪና። በነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ጽሕፈትና አንድ ዓይነት ቀለም ሊኖር ይገባል። አንድ ወር ቀይ፣ አንድ ወር ቢጫ ከረጢት የሚያሳትም ነጋዴ፣ ማተሚያ ቤቱ ያለውን ወረቀት ስለ ሰጠው ብቻ የደንበኛውን ዓይን ያሳስተዋል። ክብደቱና የታሸገበት ቀንም በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ማንበብ የሚወድ ገዢ ከዚያ ይጀምራልና። በቴሌግራምና በቲክቶክ ማስታወቅም ርካሽ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ አዋጅ ቍጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል፣ ያልተረጋገጠ «አንደኛ ነን» ማለት በስልክም ቢሆን ከተጠያቂነት አያድንም።

ማስታወቂያው ከመብዛቱ በፊት ግን የቅመሙ ልክ በሚዛን ተለክቶ መጻፍ አለበት፤ ባለሙያዋ በእጇ መጥና የለመደችውን ተቀጣሪዋ በግምት ልታገኘው አትችልም። የማረቆ በርበሬ በተወደደበት ወር ሌላ ደባልቃ በዚያው ከረጢት ብታሽግ፣ ስሙን ያላወቀ ገዢ ዝም ብሎ ያልፋታል፤ ስሙን ያወቀው ግን ያንኑ ስም እየጠራ ለሌላው ይነግርባታል።