የዲጂታል ማኅደርን የስብስብ ሐረግ ከመረጃ ቋቱ ስለ ማውጣት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በዲጂታል ማኅደር የሚገኙ ስብስቦች እያንዳንዳቸው በየትኛው ክፍል ሥር እንደ ተመደቡ፥ የመረጃ ቋቱን ራሱን በመጠየቅ በሙሉ የሚዘረዘሩበትን መንገድ ማስረዳት ነው። ነገሩ ሲታይ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሕዝብን ባህልና ልማድ የሚመረምር ሰው የሚሠራበት ጽሑፍ፥ ድምፅና ሥዕል ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ወደ እንዲህ ያለው ማኅደር የሚገባ ስለ ሆነ፥ «ምን ምን አለ? በምንስ ሥር ይገኛል?» ለሚለው ጥያቄ የተሟላ መልስ ማግኘት የምርምር ሥራ መጀመሪያ ነው። የማኅደሩ የፊት ገጽ ስብስቦቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ያሳያል፤ ያልተከፈተውን ግን አንባቢ አያየውም፤ ያላየውንም «የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ለምሳሌነት የመረጥነው ዲስፔስ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍትና የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የምርምር ክፍል ተባብረው የሠሩት ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ማንም በነጻ ሊጠቀምበት እንዲችል ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የማስትሬትና የዶክትሬት ጥናቶችን ለአንባቢ የሚያቀርብበት ማኅደር በዚሁ ፕሮግራም የቆመ ነው።

በዲስፔስ ሥርዓት የበላይ የሆነው «ኮሚኒቲ» የሚባለው ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ክፍል» እንለዋለን። ክፍል በሥሩ ንኡስ ክፍሎች ሊኖሩት ይችላል፤ ንኡስ ክፍልም እንደዚሁ ሌላ ንኡስ ክፍል ይይዛል፤ ለደረጃውም ወሰን አልተደረገለትም። በክፍሎች ሥር «ስብስብ»፥ በስብስብ ውስጥ «ሰነድ»፥ በሰነድ ውስጥ ደግሞ የሚነበበው ወይም የሚደመጠው ፋይል ይገኛል። ለምሳሌ ያህል «ማኅበራዊ ሳይንስ» የሚባል ክፍል፥ በሥሩ «የሕዝብ ጥናት» የሚባል ንኡስ ክፍል፥ በዚህም ሥር «የቃል ታሪክ» የሚባል ስብስብ ሊኖር ይችላል።

አሁን ይህ ሐረግ በመረጃ ቋቱ ውስጥ እንዴት እንደ ተጻፈ እንመልከት። አንባቢ ከሥር እስከ ጫፍ የተሣለ አንድ ዛፍ አገኛለሁ ብሎ ቢጠብቅ አያገኝም። የሚያገኘው ልዩ ልዩ ሠንጠረዦችን ነው። አንዱ ሠንጠረዥ ክፍሎችን ብቻ፥ ሌላው ስብስቦችን ብቻ ይመዘግባል። ዝምድናቸውን የሚናገሩት ሁለት ሌሎች ሠንጠረዦች ናቸው። አንደኛው ሁለት ዓምዶች ብቻ አሉት፤ በአንዱ ዓምድ የወላጁ ክፍል መለያ ቁጥር፥ በሁለተኛው የልጁ ክፍል መለያ ቁጥር ይጻፋል። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ደግሞ ክፍልን ከስብስብ ጋር በዚሁ አኳኋን ያጣምራል። ከዚህ በቀር ስለ ሐረጉ የተጻፈ ነገር የለም። አያትን፥ ቅድመ አያትን፥ ምንጅላትን የሚናገር ረድፍ አይገኝም።

የሕዝብ ጥናት ተማሪ ይህን አጻጻፍ ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ቶረስ ሰርጥ ደሴቶች በተደረገው የምርምር ጉዞ የጀመሩትና በ1910 ባሳተሙት ጽሑፍ ያብራሩት የትውልድ አቆጣጠር ዘዴ፥ በጥቂት የዝምድና ቃላት ብቻ የሚሠራ ነበር፤ እነሱም አባት፥ እናት፥ ልጅ፥ ባልና ሚስት ናቸው። የቀረውን ዝምድና ሁሉ ከእነዚህ እያያያዙ ያወጡት ነበር። በአገራችንም ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ከልጅ ወደ አባት፥ ከአባት ወደ አያት በየደረጃው እየወጡ ይቆጥራሉ እንጂ ሰባቱን ቤት ባንድ ጊዜ አይጠሩም። የመረጃ ቋቱም የሚያውቀው «እገሌ እገሌን ወለደ» የሚለውን ብቻ ነው፤ የቀረው የቆጣሪው ሥራ ነው።

ቆጠራው የሚደረገው ኤስ ኪው ኤል በተባለው የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ ነው። ተራ ጥያቄ አንድን ደረጃ ብቻ ያወጣል፤ ሁለተኛውን ደረጃ ለማግኘት ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር እንደ ገና ማጣመር ያስፈልጋል፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሐረጉ ስንት ደረጃ እንዳለው አስቀድሞ ካልታወቀ ግን ይህ መንገድ አያዋጣም፤ አራት ደረጃ የጠየቀ ሰው አምስተኛውን ሳያውቅ ያጣዋል። ስለዚህ በ1999 በወጣው የቋንቋው ደንብ ውስጥ «ዊዝ ሪከርሲቭ» በሚሉት ቃላት የሚጀምር፥ ራሱን መልሶ የሚጠራ ጥያቄ ተጨመረ። ዲስፔስ የሚጠቀምበት ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራምም ከ2009 ጀምሮ ይህን ይቀበላል።

የጥያቄው አካሄድ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ሥሮቹ ይፈለጋሉ፤ እነዚህም በዝምድናው ሠንጠረዥ በልጅነት ዓምድ ከቶ ያልተጻፉ ክፍሎች ናቸው፤ ደረጃቸውም 1 ይባላል። ቀጥሎ በእጅ ያሉት ክፍሎች በወላጅነት ዓምድ የተጻፉበት ረድፍ ሁሉ ተፈልጎ ልጆቻቸው ይወሰዳሉ፤ ለእነሱም ደረጃው በ1 ይጨመራል። ይኸው ሁለተኛው ሥራ አዲስ ልጅ እስኪታጣ ድረስ ይደጋገማል። በየጊዜውም የወላጁ ስም ከልጁ ስም ፊት እየተቀጠለ ሙሉ የሐረግ መስመር ይሠራል። በመጨረሻ ስብስቦቹ በየክፍላቸው ይገጠማሉ። በስሕተት አንድ ክፍል የራሱ ዘር ልጅ ሆኖ ተጽፎ ቢገኝ ጥያቄው ማለቂያ ያጣል፤ ስለዚህ የታለፉትን መለያ ቁጥሮች ይዞ፥ አንዱ ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ እንዲያቆም ማዘዝ ይገባል።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጥንቶቹ የዲስፔስ እትሞች የክፍሉና የስብስቡ ስም በየራሳቸው ሠንጠረዥ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከ5ኛው እትም ጀምሮ ግን ስም እንደ ሰነድ አርእስት ሁሉ ወደ ጠቅላላው የመግለጫ ሠንጠረዥ ተዛውሯል፤ በ2016 በወጣው በ6ኛው እትም ደግሞ ተራው መለያ ቁጥር በረጅም ልዩ መለያ ተተካ። ስለዚህ ለአንዱ እትም የተጻፈ ጥያቄ ለሌላው አይሠራም። ደግሞም አንድ ስብስብ በሁለት ቋንቋ ሁለት አርእስት ቢኖረው በዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ይወጣል። በየትምህርት ክፍሉ ሥር «የዶክትሬት ጥናቶች» የሚባሉ ብዙ ስብስቦች ሲኖሩ ደግሞ፥ በስም የሚያሰባስብ ሰው ልዩ ልዩ የሆኑትን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለ ሆነም ቆጠራ ሁሉ በመለያው እንጂ በስሙ መሆን የለበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ በድምር ላይ ነው። ሐረጉን እስካሁን ዛፍ ብለነዋል፤ በእውነቱ ግን የዲስፔስ ሥርዓት አንድ ስብስብ ከአንድ በላይ በሆኑ ክፍሎች ሥር እንዲታይ ይፈቅዳል። ሰነድም ባለቤት የሆነው ስብስብ አንድ ቢሆንም በሌሎች ስብስቦች ሊታይ ይችላል። ይህ ነገር እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በሰሜን የአገራችን ደጋማ ክፍል የነበረውን የርስት ሥርዓት ያስታውሳል። በዚያ ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ከአቅኚው አባት መወለዱን አስመስክሮ በልዩ ልዩ ትውልድ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። ባለርስቶችን በየትውልዱ ቆጥሮ የደመረ ሰው አንዱን ገበሬ ሁለትና ሦስት ጊዜ መቁጠሩ አይቀርም። በማኅደሩም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ስብስብ 40፥ በሌላው 30 ሰነዶች ቢታዩና ከ30ዎቹ 10ሩ የመጀመሪያው ስብስብ ሰነዶች ቢሆኑ፥ ድምሩ 70 ይመስላል፤ እውነተኛው ቁጥር ግን 60 ነው። ለድምር የባለቤትነቱን ዓምድ፥ የት የት እንደሚታይ ለማወቅ ግን የማጣመሪያውን ሠንጠረዥ መጠየቅ ይገባል።

በተቃራኒው ሳይታዩ የሚቀሩም አሉ። ጥያቄው ሰነድ ያላቸውን ስብስቦች ብቻ እንዲያመጣ ሆኖ ከተጻፈ ባዶዎቹ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ለምርምር ግን ባዶ ስብስብ ራሱ ምስክር ነው፤ አንድ ሥራ ታቅዶ እንዳልተፈጸመ፥ ወይም ሰነዶቹ ወደ ሌላ ቦታ እንደ ተወሰዱ ሊያመለክት ይችላል። በሰነዶች ሠንጠረዥ ደግሞ ገና በምርመራ ላይ ያሉ፥ ከአንባቢ ፊት የተነሡ፥ እንዲሁም ለአዲስ ሰነድ አርአያ ብቻ የሆኑ ረድፎች ከተፈቀዱት ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። እነዚህን ሳይለይ የሚቆጥር ሰው ማኅደሩን ከሆነው በላይ ያበዛዋል።

ዝርዝሩ በአማርኛ ስሞች ሲሞላ የፊደል ነገር ይመጣል። ኮምፒዩተሩ ፊደላቱን በተሰጣቸው የዩኒኮድ ቁጥር ቢደረድራቸው፥ በጠቅላላው ከለመድነው ከሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ ተራ ጋር ይስማማል። ነገር ግን «ሥነ ሕዝብ» ተብሎ የተጻፈውና «ስነ ህዝብ» ተብሎ የተጻፈው ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ በአንዱ አጻጻፍ የሚፈልግም ሌላውን አያገኝም። ስለዚህ ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው በዓይኑ ሊመረምረው ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ የሥልጣንና የኃላፊነት ነው። የፊት ገጹ ለጠያቂው የተፈቀደለትን ብቻ ያሳያል፤ የመረጃ ቋቱ ግን በቀጥታ ሲጠየቅ የተከለከለውንም ይናገራል። ሰነዶቹ ቢዘጉም የስብስቡ ስም ብቻ የአንድን ቤተ ሰብ ጠብ፥ የአንድን አካባቢ ምሥጢራዊ ሥርዓት ወይም ቃሉን የሰጠውን ሰው ማንነት ሊገልጥ ይችላል። እንግዲህ ጠያቂው ከማኅደሩ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊቀበል፥ ለማንበብ ብቻ በተፈቀደ መግቢያ ወይም በቋቱ ግልባጭ ላይ ሊሠራ፥ ዝርዝሩንም ከማሳተሙ አስቀድሞ የመነበብ መብት ከተጻፈበት ሠንጠረዥ ጋር ሊያመሳክረው ይገባል።

በዚህ ጥንቃቄ የተዘጋጀ ዝርዝር ጥቅሙ ብዙ ነው። ማኅደሩ ከአንዱ እትም ወደ ሌላው ወይም ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲዛወር፥ አስቀድሞ የወጣውና በኋላ የወጣው ዝርዝር ተነጻጽረው የጎደለው ይታወቃል፤ አስቀድሞ ካልወጣ ግን የጠፋውን ስብስብ ማንም አይጠይቅለትም። ተመራማሪም ባስረጃው ላይ ዝርዝሩ የወጣበትን ቀን ቢጽፍ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ተለወጠ ለመለየት ይችላል።

በመጨረሻ ሊዘነጋ የማይገባው፥ ዝርዝሩ የሚያሳየው ማኅደሩን ያቋቋሙት ሰዎች የከፋፈሉትን እንጂ የሕዝቡን የራሱን አከፋፈል አለመሆኑ ነው። የአንድ አገር የሠርግ ዘፈን በ«ሙዚቃ» ሥር፥ የዚያው አገር የሠርግ ልማድ በ«ሕግ» ሥር ተመድቦ ሊገኝ ይችላል። የሐረጉ ሙሉ ዝርዝር በእጁ ያለ ተመራማሪ የተለያዩትን ለማገናኘት ይችላል፤ ይህ የሌለው ግን በአንዱ ክፍል ያገኘውን ይዞ ሙሉውን እንዳገኘ ይቆጥረዋል።